በቀን ሁለቴ ማናፈስ

ጥቅምት ገባ ማለት እኛ ቤት መስኮት ታሸገ ማለት ነው። ኖርድቬስትሽታት በሚባል የጀርመን ከተማ ሰፈር ውስጥ አራተኛው ፎቅ ላይ፣ ከጣሪያው ሥር መኖር ከጀመርን አንስቶ እንደዚያው ነው። አንድ ጎኑ የሚጣበቅ ስፖንጅ በጥቅል እገዛለሁ፣ ወንበር ላይ እወጣለሁ፣ የመስኮቱን ጠርዝ ዙሪያውን እለጥፋለሁ። የበረንዳው በር ሥር አሮጌ ጋቢ ጠቅልዬ እወትፋለሁ። ጤና አዳሙንና በሶብላውን ከነማሰሯቸው ወደ ውስጥ አስገባለሁ። ኬለር፣ ማለቴ ምድር ቤት፣ እወርድና ወፍራሙን የላባ ብርድ ልብስ አውጥቼ ስሱን በቦታው አስቀምጣለሁ። ባሌ ይህ ሁሉ ሲሆን ሶፋው ላይ ተቀምጦ በስልኩ ዜና ያነባል። ወንበሩን ያዝልኝ ስለው ይመጣል፣ አይመጣም አልልም። ግን አንድ እጁ ወንበሩ ላይ፣ አንድ እጁ ስልኩ ላይ ነው።

እኔ ንፋስ አልወድም። ልናገረውና ይውጣልኝ። ጀርመኖቹ ይስቁብኛል፣ ልጄም ትስቅብኛለች፣ ግድ የለኝም። በመስኮትና በበር መሀል የሚያልፍ ንፋስ ጎን ይወጋል፣ አንገት ያጣምማል፣ ጆሮ ይይዛል። ከእኛ በታች የሚኖሩት ጀርመን አሮጊት እንኳን የውጭው በር ክፍት ሆኖ ካገኙት ንፋስ ገባ ብለው ሕንፃውን በቁጣ ያናውጡታል። ቤታቸው ሲገቡ ግን ውጭ በረዶ እየጣለ መስኮታቸውን ወለል አድርገው ከፍተው ትራሳቸውን ያሰጣሉ። ይህን ነገር እስከ ዛሬ ያስረዳኝ ሰው የለም። ወይ መፍራት ነው፣ ወይ አለመፍራት ነው።

ባለፈው ዓመት ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ግን ቤት ማሰናዳቱ እንደ ወትሮው አልነበረም። ልጄ ነፍሰ ጡር ነበረች። ያለችኝ እሷው ብቻ ናት። እዚሁ ተወልዳ እዚሁ አድጋ፣ አሁን ኒደርራድ የሚባል ሰፈር ቢሮ ትሠራለች፣ ከጀርመን ባሏ ጋር እዚያው አካባቢ ትኖራለች። እኔ ስናገር በአማርኛ ነው፣ እሷ ስትመልስ ግማሹ ጀርመንኛ ነው፣ እንዲሁ ስንግባባ ኖረናል። ልጁ የሚወለደው ኅዳር ላይ ነው ስትለኝ ገና ደስታዬን ሳልጨርስ አራስነቷን ማሰብ ጀመርኩ። እኛ ቤት መጥታ፣ የድሮ ክፍሏ ውስጥ ተኝታ፣ እስከ ክርስትናው ድረስ እኔ እንዳርሳት ፈለግሁ። ገንፎውን፣ አጥሚቱን፣ ገላ ማጠቡን፣ ሁሉንም።

ይህ ነገር ለምን እንዲህ እንዳንገበገበኝ ልናገር። እሷን ስወልድ እኔን ያረሰኝ ሰው የለም። ጥገኝነት ጠያቂዎች በሚያርፉበት ቤት አንዲት ክፍል ነበረችን፣ ወጥ ቤቱ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ የጋራ ነው። እናቴ አገር ቤት ናት፣ እሷ ጋ ስልክ የለም። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና (አለ፣ አልሞተም፣ ግን ያን ቀን ልገድለው ነበር)፣ ገንፎ ላገንፋ ብሎ ገብቶ ገንፎውን ከነድስቱ ጣልነው። የብርድ ወራት ነበር፣ መስኮቱ አይገጥምም። ካፖርቴን ለብሼ ሕፃኗን ከውስጥ ደረቴ ላይ አድርጌ ነበር የምተኛው። አንድ ቀን እንባዬ ጆሮዬ ውስጥ እየገባ፣ አንቺ ስትወልጂ እኔ ነኝ ያለሁልሽ አልኳት። እሷ ምን ትሰማለች፣ ገና ሥጋ ናት። እኔ ግን ሰምቻለሁ።

ልጄ እሺም እምቢም አላለችም። ቅሬታዋ ክፍሉ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ጥር የክፍሉን ቁም ሳጥን ከግድግዳው ስናነሳ ከኋላው ጥቁር ሻጋታ ወጥቶበት አግኝተነው ነበር። እኔ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ፣ እሷ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሳችው። ስለ አራስነቱ ባነሳሁባት ቀን ያንን ፎቶ ፈልጋ አሳየችኝ። ከዚያ በአማርኛ፣ አንድም የጀርመን ቃል ሳትቀላቅል፣

«እማዬ፣ ልጄን እዚያ ክፍል ውስጥ አላስተኛም» አለችኝ።

ወሽመጤ ቁርጥ አለ። አልተከራከርኩም ግን። ምን ብዬ እከራከራለሁ፣ ፎቶው እዚያው አለ።

እንግዲህ ክፍሉን ማዳን ነው። ባሌን ስልኩን አስቀምጦ ግድግዳውን እንዲፍቅ አደረግሁት። ጡረታ ከወጣ ወዲህ እንደዚያ ሲሠራ አይቼው አላውቅም፣ ጨርቅ አፉ ላይ አስሮ ፍቆ ፍቆ፣ መድኃኒት ቀብቶ፣ ነጭ ቀለም ደራረበበት። ቁም ሳጥኑን ወደ ሳሎን አወጣነው፣ እስካሁንም እዚያው መንገድ ዘግቶ ቆሟል። አዲስ ፍራሽ ገዛሁ። የሕፃኑን አልጋ ከመስኮቱ አርቄ ጥግ አስያዝኩት። ከዚያም በእርግጥ መስኮቱን ማሸግ ነበረብኝ። አራስ ሊገባበት በተሰናዳ ክፍል ንፋስ ገብቶ ብሰማ እኔ ሰው አይደለሁም። የዚያን ዓመት ስፖንጁን ድርብ አድርጌ ለጠፍኩት። በጣት ቢገፉት የማይላወስ ሆነ።

አማቼ አንድ እሑድ ምሳ ሊበላ ሲመጣ ትንሽ ዕቃ ይዞ መጣ። ረጅም ዝምተኛ ልጅ ነው፣ ዕቃ ማምጣት ይወዳል። የቤት እርጥበት መለኪያ ነው አለኝ። መስታወቷ ላይ ፊት ተሥሎባታል፣ እርጥበቱ ልክ ሲሆን ፈገግ ትላለች፣ ሲበዛ ታኮርፋለች። ክፍሉ ውስጥ መደርደሪያው ላይ አስቀመጣት። ልጄም እዚያው ቆማ ውሉን ነገረችኝ፣ ይህቺ ፊት አንድ ሳምንት ሙሉ ከሳቀች አራስነቴን እዚህ አደርጋለሁ፣ ካልሆነ ኒደርራድ ቤቴ እሆናለሁ፣ አንቺ መጥተሽ ትጠይቂኛለሽ። መጥተሽ ትጠይቂኛለሽ! እንደ ጎረቤት ሙዝ በላስቲክ አንጠልጥዬ መሆኑ ነው። ዕቃዋን ዞር ብዬ አየኋት፣ አኩርፋለች።

ማሞቂያው ሥራ የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። ሃይሱንግ ይሉታል እዚህ፣ ከምድር ቤት ሙቅ ውሃ በቧንቧ እየወጣ በየክፍሉ ግድግዳ ሥር ያለውን ብረት ያሞቀዋል። የልጄ ክፍል ውስጥ ያለው ግን ሆዱ ይጮህ ጀመር። ከታች ይሞቃል፣ ከላይ በረዶ ነው። ሃውስማይስተሩን፣ የሕንፃውን ኃላፊና ጠጋኝ፣ ጠራሁት። ጉልበቱን የሚያመው፣ ንግግሩ ግን የሚሮጥ ሰው ነው። ከኪሱ አንዲት ትንሽ ቁልፍ አወጣ፣ ብረቱ ጎን ላይ ያለችውን ጫፍ ዞር አደረጋት። ፍስስስ ብሎ አየር ወጣ፣ ከዚያ ጥቁር ውሃ ፊጭ አለ፣ መልሶ ዘጋው። «ኤንትሉፍተን» አለኝ። ብረቱ ከላይ እስከ ታች ሞቀ። ቁልፏን መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝና በሌሎቹም ክፍሎች እንዲሁ ያድርጉት አለኝ።

ዞር ሲል ግድግዳውን አየ። ቀለሙ ሥር የነበረው ነገር አልተሰወረውም። ፊቱ ተለወጠና ንግግሩን ለቀቀው። ሻጋታ፣ ጠዋትና ማታ፣ አምስት ደቂቃ፣ ሁሉም ክፍል፣ ሙሉ በሙሉ መክፈት፣ ሉፍተን፣ ሉፍተን፣ ሉፍተን። እኔ ቁልፏን ይዤ ራሴን እነቀንቃለሁ።

እዚህ ላይ ስለ ጀርመንኛዬ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። የእኔ ጀርመንኛ የፍሉግሃፈን፣ የአውሮፕላን ማረፊያው፣ ጀርመንኛ ነው። የአውሮፕላን ምግብ በሚሰናዳበት ቤት ትሪ ስደረድር የለቀምኩት ነው። እዚያ ቶሎ፣ ቀዝቃዛ፣ ተጠንቀቂ፣ ይህቺ ዶሮ ናት ወይስ አትክልት የሚሉትን ማወቅ ይበቃል። ማንም ሰው አናፍሺ አይልሽም፣ መስኮት የለውማ። ሉፍት አየር መሆኑን አውቃለሁ። ሰውዬው ያስወጣው አየር ነው፣ የሚያወራውም ስለ አየር ነው፣ ቁልፏም እጄ ላይ ናት። ሌላ ምን ይሆናል?

እንዲያም ሆኖ ባሌን ጠየቅሁት። እሱ ድሮ ለትምህርት ነው የመጣው፣ ጀርመንኛው የመጽሐፍ ነው። ሶፋው ላይ ሆኖ ሰውዬው ያለውን ሁሉ ሰምቷል።

«ምን አለ?» አልኩት።

«አናፍሱ ነው የሚለው» አለኝ ከስልኩ ቀና ሳይል።

«በቀን ሁለቴ? ሁሉንም?»

«በቀን ሁለቴ። ሁሉንም ነዋ።»

በአማርኛም ተረጋገጠ። ማናፈስ።

አይ እኔ! ከዚያች ቀን ጀምሮ እንደ ጸሎት ያዝኩት። የማለዳ ሥራ ሲኖረኝ ገና ጎህ ሳይቀድ መነሳት ነው፣ ከዚያም ቀደም ብዬ ተነስቼ፣ ባልዲና ጨርቅ ይዤ፣ ከክፍል ክፍል እየዞርኩ ማሞቂያዎቹን አናፍሳለሁ። ቁልፏን ሙሉ በሙሉ እከፍታለሁ፣ ሙሉ በሙሉ ብሏልና። ፍስስስ ይላል፣ ከዚያ ውሃው ይመጣል። የመጀመሪያ ሰሞን ውሃው ቡና አተላ ይመስል ነበር። ይኸውልህ ጉዱ አልኩ ለባሌ፣ ይህ ሁሉ ቆሻሻ ብረቱ ውስጥ ተኝቶ ነው ለካ ግድግዳችንን ያበሰበሰው። ባሌም እህ አለ። ማታ ከሥራ ስመለስ ጫማዬን አውልቄ ወገቤን ሳላሳርፍ መልሼ እዞራለሁ። ባልዲው ሲሞላ መታጠቢያ ቤት እደፋዋለሁ። ደግሞም ደስ ብሎኛል። ጀርመን ያዘዘኝን አንድ ነገር በሙሉ ልቤ እየፈጸምኩ ነው፣ መስኮቴም እንደታሸገ ነው።

ያቺ የእርጥበት መለኪያ ግን አልሳቀችም። ጠዋት አያታለሁ፣ አኩርፋለች። ማታ አያታለሁ፣ አኩርፋለች። ሰው ቢሆን ሽማግሌ እልክባት ነበር። አንድ ቀን ተናድጄ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞርኳት፣ በኋላ ነገሩ የልጄ ውል መሆኑ ትዝ ሲለኝ መለስኳት። መፍትሔው ግልጽ ነበር፣ ማናፈሱ አንሷል ማለት ነው። ባልዲውን ለወጥኩና ትልቁን ያዝኩ። ልጄ በየቀኑ ትደውላለች፣ ሆዷ ወርዷል፣ እግሯ አብጧል። ደህንነቴን ትጠይቅና መጨረሻ ላይ፣ እንደ ዋዛ፣ ፊቷስ ትላለች። እኔም ልትስቅ ትንሽ ቀርቷታል እላለሁ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ።

ኅዳር ሲገባ ውሃው ጠራ። ከዚያ ማነስ ጀመረ፣ ከዚያ ቀረ። ቁልፏን ባዞራት ትንሽ ፍስ ይላል፣ ጠብ የሚል ነገር የለም። ተመስገን አልኩ። ተንፍሶ አለቀ፣ ቆሻሻው ሁሉ ወጣ። ባሌን ጠርቼ አሳየሁት። እሱም በርቺ አለኝ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ትንሽ ቀዝቀዝ ያለ መሰለኝ። ሹራብ ደረብኩ። በማግሥቱ ብረቱን ስነካው እንደ ሬሳ ቀዝቅዟል። ጣሪያው ሥር ስለሆንን ነው፣ ወይም ደግሞ ምድር ቤት ቀንሰውት ይሆናል፣ ነገ ይመለሳል እያልኩ ወፍራም ብርድ ልብስ ስደራርብ ስልክ ተደወለ። አማቼ ነው። ምጥ ይዟታል፣ ሆስፒታል ገብተዋል።

ማሞቂያውንም ምኑንም ረሳሁት። ባሌ ሁለት የተለያየ ጫማ አድርጎ ወጣ፣ ኡባን፣ የምድር ባቡሩ፣ ውስጥ ነው ያየሁለት። ሆስፒታል ደርሰን ከውጭ ኮሪደር ላይ ማርያም ማርያም ስል ቆየሁ፣ ነርሷ ሁለት ጊዜ ውሃ አመጣችልኝ። ከሰዓት በኋላ ሴት ልጅ ተገላገለች። ገብቼ እንኳን ማርያም ማረችሽ አልኩና ግንባሯን ሳምኩት፣ ላቧ ጨው ጨው ይላል። ሕፃኗን ሰጡኝ። ስለ እሷ ብዙ አልጽፍም፣ አያት ሲያወራ ማቆሚያ የለውም። ጣቷ አውራ ጣቴን ያዘና አለቅሁ።

ልጄ በደከመ ድምፅ ስለ ክፍሉ ጠየቀችኝ። ዝግጁ ነው አልኳት። ፊቷ ሳቀች ወይ አለች። ልጅቷ አያቷን በመጀመሪያ ቀኗ ውሸታም ብላ እንዳታውቃት ብዬ አይ ገና ናት አልኳት። አማቼ ኒደርራድ ቤታቸው ሁሉም ነገር እንዳለና ግድ እንደሌለው ነገረኝ። ለማጽናናት ነው፣ ልጁ ጨዋ ነው። ኩም ብዬ ወጣሁ።

ቤት ስንደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ደረጃ ላይ ነው። ከታች ያሉት አሮጊት ካፖርት ደርበው ቆብ አድርገው ሻይ በኩባያ ይዘው ቆመዋል። ሕንፃው ሙሉ ቀዝቅዟል። ሃውስማይስተሩ ምድር ቤት ወርዶ ሲያይ ውሃው ከቧንቧዎቹ ውስጥ አልቋል፣ የማሞቂያው መሣሪያ በራሱ ጊዜ ጠፍቷል። የሆነ ቦታ የሚያፈስ ቧንቧ አለ ብሎ ከምድር ቤት ጀምሮ ቤት ለቤት ግድግዳ እየዳበሰ ነው። ሲያስነጥስ ከላይ ይሰማል። በመጨረሻ እኛ ጋ መጣ።

አዘንኩለት፣ ልረዳውም ፈለግሁ። እኛ ቤት እንኳን የሚያፈስ ነገር አይኖርም አልኩት አፌን ሞልቼ፣ እኔ በየቀኑ አያቸዋለሁ፣ እርስዎ እንዳዘዙኝ ጠዋትም ማታም ሉፍተን አደርጋለሁ። ሄጄም ባልዲውን ከነጨርቁ፣ ቁልፏንም ከነገመዷ አመጣሁለት፣ እንዳትጠፋብኝ በገመድ አንገቴ ላይ ነበር የማንጠለጥላት። ሰውዬው ባልዲውን አየ። ቁልፏን አየ። እኔን አየኝ። ከዚያ ያ የሚያመውን ጉልበቱን ይዞ መታጠቢያ ገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ።

በኋላ ተነስቶ የልጄ ክፍል ገባ። መስኮቱን ያዘና ሳበው። እንቢ አለው። እንደገና ሲስበው ድርቡ ስፖንጅ ቅድድድ ብሎ ተላቀቀ፣ የኅዳር አየር ግልብጥ ብሎ ገባ። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ።

«ይህ ሉፍተን ነው» አለኝ መስኮቱን ይዞ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ቀስ ብሎ። ቁልፏን ከፍ አድርጎ፣ «ይህ ደግሞ ኤንትሉፍተን ነው። በዓመት አንዴ።»

ክው አልኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ ደግ በሆነች። ያን ሁሉ ጠዋት፣ ያን ሁሉ ማታ፣ የሕንፃውን ውሃ በባልዲ እየቀዳሁ ወደ ፍሳሽ ስደፋ ነበር ለካ። ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ፣ ባሌ ነው፣ የበሩን መቃን ይዞ እየሳቀ ነው። ደሜ ፈላ። አናፍሱ ነው የሚለው ያልከኝ አንተ አይደለህም ወይ አልኩት። አዎ አለኝ እንባውን እየጠረገ፣ መስኮት ማለቴ ነበር እንጂ ማን ብረት ያናፍሳል አለ። ሰላሳ ምናምን ዓመት አብሬው ኖሬ ስልኩን ነጥቄ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሶፋው የወረወርኩት ያን ቀን ነው። ሶፋው ላይ ነው፣ አልተሰበረም።

ሃውስማይስተሩ ሲወጣ ደረጃው ላይ ላሉት ቧንቧው አየር ገብቶበት ነበር አላቸው። አየር መግባቱ ውሸት አይደለም። ማን እንዳስገባው አልተናገረም። ምድር ቤት ወርዶ ውሃውን እንደገና ሞላው፣ በማግሥቱ ከሰዓት ብረቶቹ መሞቅ ጀመሩ። አሮጊቷ ሞቀ ብለው ከደረጃው ሥር ሲጮሁ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ለልጄ ጨርሶ ላልነግራት ወስኜ ነበር። አራስ ናት፣ ክፍሉን ደግሞ ጭራሽ ትሸሸዋለች። ልንጠይቃት ሄደን ሆስፒታል ገና ከመግባታችን ግን ባሌ፣ እናትሽ ምን እንዳደረገች ታውቂያለሽ ብሎ ጀመረላት። ባልዲውን፣ ገመዱን፣ ገንዳው ጠርዝ ላይ የተቀመጠውን ሰውዬ፣ አንድም ሳያስቀር። ልጄ ሳቀች። ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ፣ አባቢ በቃህ ያመኛል እያለች ሳቀች። አማቼም ተተርጉሞለት ሳቀ። እኔ ሕፃኗን አቅፌ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ፊቴ ግሏል። ውሉ አለቀ፣ ልጄን ሳላርሳት ልቀር ነው ብዬ አለቀስኩ። ድምፅ አላወጣሁም፣ ግን አለቀስኩ።

ሳቁ ሲበርድ ልጄ ጠራችኝ።

«እማዬ፣ የማለዳ ሥራ የነበረሽ ቀንም?»

«የማለዳ ሥራ የነበረኝም ቀን» አልኳት ሳልዞር።

ከዚያ የሕፃኗን አልጋ የት እንዳስቀመጥኩት ጠየቀችኝ። ጥግ ላይ ነው፣ ከመስኮቱ አርቄዋለሁ አልኳት። መለኪያዋ ግን ገና እንዳኮረፈች ነው አልኩ፣ በኋላ አታለልሽኝ እንዳትለኝ። ተያት አለችኝ። ለባሏ በጀርመንኛ የሆነ ነገር አለችው። የሕፃኗን ልብስ የያዘውን ሻንጣ ወደ እኛ ቤት እንዲወስደው ነበር።

መጡ። ገንፎውን አገነፋሁ፣ በዚህ እንኳን የሚያህለኝ የለም። ሄባመዋ፣ አራስ ቤት ለቤት እየዞረች የምታየው አዋላጅ፣ መጥታ ሕፃኗን መዘነች፣ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየችና በየቀኑ መስኮት መክፈቱን እንዳትረሱ ብላን ሄደች። ስፖንጁን መልሼ አልለጠፍኩትም። እጄ ግን ስንት ጊዜ ወደ ጥቅሉ እንደሄደ እኔ ነኝ የማውቀው።

በነጋታው ጠዋት ልጄ አልጋው ላይ ትራስ ተደግፋ እያጠባች ነበር። መስኮት የሚከፈትበት ጊዜ ደርሷል። ሳሎን እስክትገቢ ልጠብቅ ብላት ገና ተኝታ እየጠባች ነው፣ አላስነሳትም፣ ክፈቺው አለችኝ። መስኮቱ ጋ ሄድኩ። እጄን እጀታው ላይ አድርጌ ቆምኩ። አራስና የቀናት ሕፃን ካለበት ክፍል ውስጥ የኅዳር መስኮት ልከፍት ነው። እናቴ ብታየኝ በሕይወቷ አታናግረኝም።

ከፈትኩት። ወለል አድርጌ። ከዚያ ዞሬ በመስኮቱና በአልጋው መሀል ገባሁ፣ ነጠላዬን በሁለት እጄ ግራና ቀኝ ዘርግቼ፣ ፊቴን ወደ እነሱ፣ ጀርባዬን ወደ ውጭ አድርጌ ቆምኩ። ንፋሱ መጣ። ማጅራቴን፣ ትከሻዬን፣ ወገቤን እየዳሰሰ ገባ። አምስት ደቂቃ እንዲህ ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር። ሕፃኗ ትጠባለች፣ ፀጉሯ እንኳን አልተነቃነቀም።

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። አይታኝ አይታኝ፣ ዓይኗ ሞላ።

«እማዬ» አለችኝ፣ «ነይ ከዚያ፣ ንፋስ ይመታሻል።»

ምንም አይለኝም አልኳት። እስክዘጋው ድረስ አልተነቃነቅሁም።